ገበያ ሞልቶ የሚራብ ሰው

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ። ከገጠር መጥቶ ዳንግላ ከተማ ክፍል ተከራይቶ ነበር የሚማረው። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሲያስቸግረው ብንጠይቀው ቁርስ አይበላም። መምህራን ተሰባስበን ገንዘብ አዋጣን። ከዚያ ክርክር መጣ፦ ብሩን ለራሱ እንስጠው ወይስ ዕቃ እንግዛለት? “ልጅ ነው፣ ያጠፋዋል” ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ደብተር፣ ዩኒፎርምና ጫማ ገዛንለት። ወር ሳይሞላ ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ገባ። ለካ ያስጨነቀው የቤት ኪራይ ነበር። አዲሱን ጫማ አድርጎ ሄደ።

ይሄን ነገር የማስታውሰው የወሎን ረሃብ ባስተማርኩ ቁጥር ነው። የ1965ቱን ረሃብ አብዛኞቻችን “ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ” ብለን ነው የምናውቀው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ነገር አሳየ። በአገር ደረጃ ምርቱ የቀነሰው በጥቂቱ ነበር። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የወጣ እህል ነበር። ማሳው የደረቀበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ግን መግዣ አልነበረውም። እህሉ ብር ወዳለበት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ገደማ መልሳችን በዋናነት ስንዴና ዘይት ማደል ነበር። ለውጥ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር ነው። መሥራት የሚችል የሕዝብ ሥራ ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማ፣ አካል ጉዳተኛና ነፍሰ ጡር ደግሞ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። እህልም ይሰጣል፣ ብርም ይሰጣል።

“ብር ከሰጠሃቸው ይጠጡበታል” የሚለው ወሬስ? ትግራይ ውስጥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመት ገደማ በአብይ ዓዲና በሕንጣሎ ዋጅራት ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ወላጅ አልባ ልጆች ለሚያሳድጉ በየወሩ ብር ተሰጥቷል። ብሩ ከሁሉ በፊት የዋለው ለምግብ ነው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2014 ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ ጥናቶችን አይተው፣ ድሃ ብር ስላገኘ መጠጥና ሲጋራ ላይ የሚያወጣው እንደማይጨምር ጽፈዋል።

ነገሩ ግን እንከን የለውም አልልም። ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፣ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ብዙ ተጠቃሚዎች “ብሩ ይቅርብን፣ እህል ስጡን” አሉ። ልክ ነበሩ። ብር ከገበያው ጋር እኩል ካልሄደ ወረቀት ነው። አምስት ዓመት በሕዝብ ሥራ የታቀፉ ቤተሰቦች፣ አንድ ዓመት ብቻ ከታቀፉት ጋር ሲነጻጸሩ የረሃብ ጊዜያቸው ከአንድ ወር በላይ ማጠሩ ተመዝግቧል። የሕፃናቱ የሰውነት ዕድገት ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። የገጠሩ ሴፍቲኔት የተተከለው በየዓመቱ እርዳታ ይቀበሉ በነበሩ ወረዳዎች ነው። አዊ ግን “ትርፍ አምራች” ነው። እውነት ነው፣ የእንጅባራን ድንችና የዳንግላን በቆሎ አይታችኋል። ግን ትርፍ አምራች የሚባለው ዞኑ ነው እንጂ እያንዳንዱ ቤት አይደለም። መሬት የሌላት እናት ድንች በተከመረበት ገበያ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለሳለች። ያ ተማሪዬም ቁርስ ሳይበላ የሚያልፈው በእህል በረንዳ በኩል ነበር። የወሎ ታሪክ በትንሹ እዚሁ አለ።

ከእናንተ ውስጥ ዛሬ ደመወዝ የምትበሉ ብዙ ናችሁ። ሰው ስትረዱ መጀመሪያ ምን እንደቸገረው ጠይቁት። ከዚያ ብሩን ለራሱ ስጡት፤ ችግሩን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ያ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ ይሄን ካነበብክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ይቅርታ ልልህ እፈልጋለሁ።