ቀይሉላ፤ ለመንቃት የሚተኙት እንቅልፍ

በሀገራችን፣ በተለይም በደጋው፣ ቀን የተኛ ሰው በሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ ታሟል፣ ወይ ሰንፏል። በቆላው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በድሬዳዋ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ገበያው የሚከፈተው ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። ታዲያ የቀን እንቅልፍ ስንፍና ነው ወይስ እረፍት? ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ይዘን ከ1400 ዓመታት በፊት ወደነበረችው መዲና ጎራ እንበል። በዚያች ከተማ የቀትር እረፍት የታወቀ ልማድ ነበር። ሆኖም ዛሬ ብዙዎቻችን ከምንተኛው የቀን እንቅልፍ የሚለይበት ቁም ነገር ነበረው።

ዓረቦች ይህን እረፍት ቀይሉላ ይሉታል። የቋንቋ ሊቃውንት እንዳብራሩት፣ ሰውየው እንቅልፍ ባይወስደውም እንኳ በቀትር ጋደም ማለቱ ብቻ ቀይሉላ ይባላል። ልማዱ የዓረቦች ብቻ አይደለም። እስፓኞች ሲየስታ ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው ከላቲን ሲሆን ትርጉሙም "ስድስተኛ ሰዓት" ማለት ነው። የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሰው ቀትርን ስድስት ሰዓት ይለዋል። እኛም እስከ ዛሬ የምንቆጥረው እንዲሁ ነው።

ቅዱስ ቁርአንም ይህን ሰዓት አልዘለለውም። በሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ልጆችና በቤት ውስጥ የሚያገለግሉ ሰዎች ሳያስፈቅዱ መግባት የሌለባቸውን ሦስት ጊዜያት ወስኗል፤ ከሱብሂ ሶላት በፊት፣ ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት በቀትር፣ እንዲሁም ከኢሻ ሶላት በኋላ። የቀትር እረፍት የተለመደ ባይሆን ኖሮ ለሰዓቱ ይህን የመሰለ ሥርዓት ባልተደነገገ ነበር። በሱረቱ ሩም 23ኛው አንቀጽ ደግሞ የሌሊትም የቀንም እንቅልፍ ከአላህ ተአምራት መካከል ተቆጥሯል።

በመዲና ቤቶች

የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እናት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቁርበት ያነጥፉላቸው ነበር። ነቢዩም በቤታቸው በቀትር ያርፋሉ። ኡሙ ሱለይም በእንቅልፍ ላይ ሳሉ የሚወጣቸውን ላብ እየሰበሰቡ ከሽቶ ጋር ያደባልቁት ነበር። አነስም ሞታቸው ሲቃረብ ለከፈናቸው በሚዘጋጀው ሽቶ ውስጥ ከዚያው እንዲጨመርበት መናዘዛቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። የአንድ ቀትር እረፍት ትዝታ እስከ ቀብር ድረስ አብሯቸው ዘለቀ።

በሌላ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ልጃቸው ወደ ፋጢማ (ረ.ዐ) ቤት ሲመጡ ዐሊይን (ረ.ዐ) አጧቸው። ፋጢማም በመካከላቸው ቅያሜ እንደተፈጠረ፣ ዐሊይም ቀይሉላቸውን ቤት ሳያደርጉ እንደወጡ ነገሯቸው። ዐሊይ መስጂድ ውስጥ ተኝተው ተገኙ፤ ኩታቸው ከጎናቸው ወድቆ ገላቸው አፈር ለብሷል። ነቢዩም አልገሰጿቸውም። አፈሩን በእጃቸው እያራገፉ "አቡ ቱራብ"፣ የአፈር አባት፣ ብለው በቁልምጫ ቀሰቀሷቸው። ዐሊይ ከዚያ በኋላ ከዚህ ስም አብልጠው የሚወዱት መጠሪያ አልነበራቸውም። ከቤት ተኳርፎ የወጣን ሰው እንዴት መመለስ እንደሚገባ ለአማቶችና ለወላጆች ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይገኛል?

የጁሙዓ ቀን ሥርዓት ደግሞ ለየት ይል ነበር። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) እንደሚያስታውሱት፣ ሰሃባዎች በዚያ ቀን ምሳቸውንም ቀይሉላቸውንም የሚያቆዩት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ነበር። በመዲና አንዲት አሮጊት የቆስጣ ሥር ከጥቂት የገብስ ዱቄት ጋር በድስት ያበስሉ ነበር። ሰሃባዎች ከሶላት ሲወጡ ወደ እርሳቸው ይሄዳሉ፤ ቅባት በሌለበት በዚያ ምግብ ምክንያት የጁሙዓን መምጣት በደስታ ይጠብቁ ነበር። መጀመሪያ ሶላት፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ከዚያ እረፍት። እንቅልፉ ለኢባዳው ቦታ ይለቅ ነበር እንጂ ኢባዳው ለእንቅልፉ አይለቅም ነበር።

በመንገድ ላይ

በሂጅራው ጉዞ ነቢዩና (ሰ.ዐ.ወ) አቡበክር (ረ.ዐ) ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው እስከ ቀትር ቀጠሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ አቡበክር ጥላ ያለው ረጅም ቋጥኝ አዩ። መሬቱን በእጃቸው አስተካክለው ምንጣፍ አነጠፉና ነቢዩ እንዲያርፉ ጠየቋቸው። እርሳቸው ግን አልተኙም፤ የሚከታተላቸው ሰው እንዳለ ለማየት ዙሪያውን ይቃኙ ጀመር። ከአንድ እረኛ ወተት አግኝተው ሲመለሱም መቀስቀሱን አልወደዱም። ነቢዩ ራሳቸው ሲነቁ ወተቱን በውሃ አቀዝቅዘው አጠጧቸው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የአንዱ እረፍት የተገኘው በሌላው ንቃት ነው።

ወደ ነጅድ በተደረገው የዛቱ ሪቃዕ ዘመቻ ሲመለሱ ደግሞ የቀትር እረፍት ሰዓት የደረሰባቸው እሾሃማ ዛፎች በበዙበት ሸለቆ ነበር። ሰዎቹ ጥላ ፍለጋ ተበታተኑ። ነቢዩም ሰይፋቸውን በአንድ ግራር ላይ ሰቅለው ሥሩ ተኙ። ሲነቁ አንድ የገጠር ዓረብ ያንኑ ሰይፍ መዝዞ ከፊታቸው ቆሟል፤ ከእኔ ማን ያድንሃል ሲልም ጠየቃቸው። አላህ እንደሚያድናቸው መለሱለት። ሰውየው ምንም ሊያደርጋቸው አልቻለም፤ እርሳቸውም አልቀጡትም። ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ይህ ታሪክ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ሰው ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሆነና ጠባቂው ማን እንደሆነ ያስታውሰናል።

ከሁሉም የሚደንቀው የኡሙ ሐራም (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። እኚህ ሴት የኡሙ ሱለይም እህት ሲሆኑ ቤታቸው በቁባ ነበር። ነቢዩ አንድ ቀን ከቤታቸው ምግብ በልተው አረፉ፤ ሲነቁም ፈገግ አሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከኡመታቸው መካከል በአላህ መንገድ ባሕር የሚሻገሩ ሰዎችን በሕልም እንዳዩ ተናገሩ። ኡሙ ሐራምም ከእነርሱ እንዲሆኑ ዱዓ እንዲያደርጉላቸው ለመኗቸው፤ ነቢዩም ዱዓ አደረጉላቸው። ዓመታት አለፉ። በዑስማን (ረ.ዐ) ኸሊፋነት ዘመን፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ28 ዓመተ ሂጅራ፣ በሙዓዊያ (ረ.ዐ) የሚመራው ጦር በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሲሻገር ኡሙ ሐራም ከባለቤታቸው ከዑባደት ኢብኑ ሳሚት (ረ.ዐ) ጋር አብረው ሄዱ። ከባሕር እንደወጡም የሚቀመጡባት እንስሳ ጥላቸው ሞቱ። መቃብራቸው ነው የሚባለው ሥፍራ በላርናካ የጨው ሐይቅ አጠገብ ዛሬም ይጎበኛል።

ያልተኙት ኸሊፋ

በ99 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 717) ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ኸሊፋ ሆኑ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን ኸሊፋ ሱለይማንን ቀብረው ሲመለሱ ሌሊቱን እንቅልፍ ስላላዩ ጥቂት ለማረፍ ገቡ። ወጣቱ ልጃቸው ዐብዱልመሊክ መጥቶ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ቀይሉላ እንደሚፈልጉ ሲነግሩት፣ ያለአግባብ የተወሰደውን የሰው ሐቅ ሳይመልሱ እንዴት እንደሚተኙ ጠየቃቸው። ዑመርም ዙህርን ከሰገዱ በኋላ እንደሚመልሱ ነገሩት። ልጁ ግን እስከ ዙህር ለመኖራቸው ዋስትናው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

አባት ልጃቸውን አስጠግተው ግንባሩን ሳሙት፤ በዲናቸው የሚያግዛቸውን ልጅ ለሰጣቸው አላህም ምስጋና አቀረቡ። ሳይተኙ ወጥተውም የተበደለ ሁሉ አቤት እንዲል አዋጅ አስነገሩ። ከመጡት አቤቱታ አቅራቢዎች አንዱ ከሒምስ የመጣ ሙስሊም ያልሆነ ሽማግሌ ነበር። መሬቱን የወሰደበት ከገዢው ቤተሰብ የሆነ ልዑል ነው። ዑመርም መሬቱን አስመለሱለት።

ዑመር ቀይሉላን ሱና አይደለም አላሉም፤ ልጁም እንቅልፍን አልነቀፈም። የተነሳው ጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። የሰው ሐቅ በእጃችን እያለ የምንተኛው እንቅልፍ እረፍት ሊሆን ይችላልን?

መጠኑና ሥርዓቱ

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ "ኢሕያእ" በተሰኘው ታላቅ ሥራቸው ቀይሉላን ከሱሑር ጋር ያመሳስሉታል። ሱሑር ለቀኑ ጾም ስንቅ እንደሚሆን ሁሉ ቀይሉላም ለሌሊቱ ሶላት ስንቅ ነው። ተኚው ከዙህር ቀደም ብሎ እንዲነሳ፣ ውዱእ አድርጎም የሶላቱ ወቅት ሳይገባ መስጂድ እንዲገኝ ይመክራሉ። በቀንና በሌሊት ተደምሮ ስምንት ሰዓት መተኛት እንደሚበቃ፣ ይህንንም በሌሊት የጨረሰ ሰው የቀን እንቅልፍ እንደማያስፈልገው ጽፈዋል። እንግዲህ ቀይሉላ ለራሱ ሲባል የሚተኙት እንቅልፍ አይደለም፤ ከኋላው ለሚመጣው ሥራ ሲባል የሚተኙት ነው።

የዘመናችን ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ምሳ ባይበላ እንኳ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ንቃቱ በተፈጥሮ ዝቅ ይላል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ ረጅም በረራ ላይ የነበሩ አብራሪዎች ተራ በተራ የ40 ደቂቃ እረፍት ተሰጥቷቸው በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኝተዋል። እረፍት ካላገኙት ይልቅም ንቁና ቀልጣፋ ሆነው ተገኝተዋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲተኙ ግን ሰውነት ወደ ከባድ እንቅልፍ ስለሚገባ፣ ከዚያ መሃል የተቀሰቀሰ ሰው ራሱ ከብዶትና ተደብቶ ይነሳል። "ቀን ተኝቼ ይባስ ደከመኝ" የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀይሉላን የሚሻ ሰው ምሳውን ቀለል ያድርግ፤ ጥላ ያለበትና ነፋሻ ቦታ ይምረጥ፤ ልብሱን ያላላ፤ በቀኝ ጎኑ ጋደም ይበል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስኖ ደወል ይሙላ፤ ወይም ቀስቅሱኝ ብሎ ለቤተሰብ አደራ ይስጥ። እንቅልፍ ባይወስደውም አይጨነቅ፤ ጋደም ማለቱም ቀይሉላ ነው። ከአስር በኋላ መተኛትን ስለሚከለክል የሚወራው ሐዲስ ሰነዱ እንደማያስተማምን ሊቃውንት ገልጸዋል። ሆኖም አመሻሽ ላይ የተኛ ሰው የሌሊት እንቅልፉ ይዛባል፤ ለሱብሂም መነሳት ይከብደዋል። ሌሊት እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰውም የቀኑን ቢተው ይሻለዋል።

የማን እረፍት?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በበጋው ወራት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን በጠራራ ፀሐይ ማሠራት በሕግ ተከልክሏል። ሌሎችም የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። መልካም ነገር ነው፤ የጥንቱ ቀይሉላ የሠራተኛ ሐቅ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ደንብ የሚመለከተው ውጭ የሚሠራውን ነው። በቀትር አሠሪዎቿ ሲተኙ ሕፃን እያባበለች፣ ሳህን እያጠበች የምትቆየውን እህታችንን አያያትም።

እርሷን የምናገኛት ባሕር ማዶ ብቻም አይደለም። በየቤታችን ምሳ ተበልቶ አባትም ልጆችም ጋደም ሲሉ እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋ ማጀት ትቀራለች። ከሱብሂ በፊት የተነሳችው ግን እርሷ ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። አገልጋይ ከአቅሙ በላይ እንዳይታዘዝ፣ ከታዘዘም እንዲታገዝ ነቢዩ አዘዋል። አቡበክር በቋጥኙ ጥላ ሥር ነቅተው የጠበቁት በፍቅርና በፈቃዳቸው ነው። እኛ ግን የምንተኛው ሌላውን በግድ አንቅተን እንዳይሆን እንፍራ። ግማሽ ሰዓት ተራ ብንገባላት፣ ሳህኑን ልጆች ቢያጥቡት፣ ቀይሉላ የቤቱ ሁሉ ሱና ይሆናል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጥያቄያችን ጋር ስንመለስ፣ የቀን እንቅልፍን ስንፍና ወይም እረፍት የሚያደርገው ሰዓቱ አይደለም። ከመተኛታችን በፊት የማንን ሐቅ አስቀርተናል? ስንነሳስ ለምን ሥራ እንነሳለን? ለእነዚህ ሁለቱ መልስ ያለው ሰው ጋደም ይበል፤ እንቅልፉ አላህ የለገሰው ጸጋ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) እንቅልፋችንን እረፍት፣ ንቃታችንንም ለመልካም ሥራ የሚሆን ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።