ጄምስ ድዋይት፦ የአሜሪካን ቴኒስ ሥርዓት ያስያዘው የጥንድ ሻምፒዮን

የአሜሪካ የሣር ሜዳ ቴኒስ አባት እየተባለ የሚጠራው ጄምስ ድዋይት እ.ኤ.አ. በ1852 ፓሪስ ውስጥ ተወልዶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠና ሰው ሲሆን፣ ጤናው የተረጋጋ ስላልነበረ በተመረቀበት ሙያ ብዙም ሳይሠራ ዕድሜውን ለዚህ ስፖርት ሰጥቷል።

ያን ጊዜ ቴኒስ ለአሜሪካ እንግዳ ነበር፤ ክለቦቹም ሁሉ በየራሳቸው ደንብ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ድዋይት ከቦስተን ወደ ስታተን አይላንድ ተጉዞ፣ በዘጠኝ ዓመት ከሚያንሰው ከሪቻርድ ሲርስ ጋር ለውድድር በቀረበ ጊዜ የተሰጧቸው ኳሶች ከለመዷቸው በግልጽ ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ አዘጋጆቹ ግን በኳሶቹ ላይ የታተመውን «መደበኛ» የሚል ጽሑፍ እያሳዩ ክርክሩን ዘጉት። ሁለቱ ቦስተናውያን በነጠላ ውድድር አንጫወትም ብለው በጥንድ ብቻ ተሰለፉና ተሸነፉ። የኳስ፣ የመረብና የነጥብ አቆጣጠር ደንቦችን በአገር ደረጃ አንድ ለማድረግ ብሔራዊው የሣር ሜዳ ቴኒስ ማኅበር በ1881 ኒው ዮርክ ላይ ሲመሠረት፣ እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

በዚያው ዓመት በኒውፖርት በተካሄደው የመጀመሪያ ብሔራዊ ሻምፒዮና የጥንዱን ዋንጫ ክላረንስ ክላርክና ፍሬደሪክ ቴይለር ወሰዱ፤ ይህ ቴይለር በኋላ የፋብሪካ ሥራን በሰዓት እየለካ በማጥናት ስሙ የገነነው መሐንዲስ ነው። በጥንድ ጨዋታ በመረቡ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ተጫዋቾች ስለሚሰለፉና የሜዳው ስፋት ከነጠላው 8.23 ሜትር ወደ 10.97 ሜትር ስለሚጨምር፣ ከግል ችሎታ ይልቅ መናበብ ይመዝናል፤ ድዋይትና ሲርስም በዚህ ተክነው በ1882፣ በ1883፣ በ1884፣ በ1886 እና በ1887 አሸነፉ። በመካከል የቀረውን የ1885ቱን ዋንጫ ሲርስ ያነሣው ከጆሴፍ ክላርክ ጋር ነበር።

ይሁን እንጂ ከእንግሊዞች ጋር ሲነጻጸሩ ገና ጀማሪዎች ነበሩ፤ በ1884 የዊምብልደን የጥንድ ውድድር በግማሽ ፍጻሜ የሬንሾው ወንድማማቾች አሸንፈዋቸዋል። በነጠላ ደግሞ ድዋይት የአገሩን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላገኘም፤ በ1883 ለፍጻሜ ደርሶ የተረታው በዚያው በጥንድ አጋሩ በሲርስ ነው።

ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚመዝነው ግን የአስተዳደር ሥራው ነው፤ በሁለት የሥራ ዘመን፣ በጠቅላላው ለ21 ዓመታት ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት መርቶ በ1911 ኃላፊነቱን አስረክቧል። በ1917 ያረፈው ድዋይት በ1955 በኒውፖርት የቴኒስ የክብር መዝገብ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆኖ ሰፍሯል።