ከድል በኋላ የነበሩት አራት ደቂቃዎች

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ የማራቶኑን አሸናፊ ሲጠባበቅ፣ ከበሩ ብቻውን ብቅ ያለው የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ፈጽሞ እስከዚያ ቀን በዓለም ያልተመዘገበ ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ተመልካቹን ይበልጥ ያስገረመው ግን ቀጥሎ ያየው ነገር ነው። አበበ ድካም አልታየበትም። ወደ ሜዳው ሣር ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች ነካ፤ ከዚያም በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቶ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አሽከረከራቸው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ቤዚል ሂትሊ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ከአራት ደቂቃ በላይ ተቆጥሮ ነበር።

ያ ትዕይንት እስከ ዛሬ የሚወሳው አብዛኛውን ጊዜ የሯጩን ብርታት ለመመስከር ነው። ይሁን እንጂ አበበ ይህን ያደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ባሸነፈ ጊዜም ወዲያው የእግሩን ጣቶች ነክቶ፣ በቆመበት ሮጦ ነበር። በሁለት ከተሞች፣ በአራት ዓመት ልዩነት የተደገመ ነገር ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ መነሻ አለው።

ሰውነትን ማፍታታት በመሠረቱ የአትሌቶች ብቻ ሀብት አይደለም። ከእንቅልፉ የነቃ ሕፃን ማንም ሳያስተምረው ይንጠራራል። አጎንብሶ ሲያጭድ የዋለ ገበሬ ቀና ብሎ ወገቡን በእጁ ይደግፋል። ይህን ተፈጥሯዊ ነገር በሥርዓትና በልክ የሚሰጥ ትምህርት ካደረጉት ሰዎች መካከል ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ሊንግ በ1813 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም መሥርቶ ትምህርቱን በአራት ክፍሎች መደበው፤ አንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዱ ለሠራዊት፣ አንዱ ለሕክምና፣ አንዱ ለውበት ነበር። የስዊድን ጂምናስቲክ በመኮንኖችና በመምህራን አማካይነት በብዙ አገሮች ተሠራጨ።

ስዊድናውያን መኮንኖች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1934 ነው። በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመራው ቡድን በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ረዳ፤ የፋሽስት ወረራም ሥራውን አቋረጠው። ከነፃነት በኋላ ግንኙነቱ ታደሰ። በ1946 ከመጡት መካከል በፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ኦኒ ኒስካነን ይገኝበታል። ኒስካነን ዕጩ መኮንኖችን በስፖርት አሠለጠነ፤ ኋላም የአበበ አሠልጣኝ ሆነ። ጣት መንካት፣ በቆሙበት መሮጥ፣ በጀርባ ተኝቶ እግርን ማሽከርከር በጦር ሰፈርና በትምህርት ቤት ሜዳ የሚሠሩ የሰውነት ማጎልመሻ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ዓለም በቶኪዮ ሣር ላይ ያየው የአንድ ወታደር የዘወትር ሥርዓት ነበር።

ይኸው ሥርዓት በአበበ ሕይወት ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በማርች 1969 ሲያሽከረክራት የነበረችው መኪና ተገልብጣ የአከርካሪ አጥንቱ ተጎዳ፤ ዳግመኛም በእግሩ አልሄደም። ለሕክምና የተወሰደበት የእንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሐኪም ቤት፣ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል ያደረገበት ቦታ ነበር። አበበ በ1970 በዚያው ሥፍራ በተደረገው ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1973 ካረፈ ወዲህ ዘመናት ቢያልፉም፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ ለድል ብቻ ሳይሆን ለመኖርም እንደሚያስፈልግ ሕይወቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ይኖራል።

የቶኪዮው ስታዲየም ፈርሶ በዚያው ቦታ አዲሱ በ2019 ተሠርቶ አለቀ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከደቡብ ሱዳን የተነሡ አራት አትሌቶችና አንድ አሠልጣኝ ማኤባሺ ወደምትባለው የጃፓን ከተማ ገቡ። ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአንድ ዓመት ቢራዘምም ከተማዋ አልሸኘቻቸውም፤ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ጭምር እየተደገፉ ልምምዳቸውን ቀጠሉ። በ2021 ሁለት ሯጮች ለደቡብ ሱዳን ተሰለፉ። አብርሃም ጉዌም በ1,500 ሜትር ሮጠ። ሉሲያ ሞሪስ ግን በ200 ሜትር ማጣሪያ እግሯን ተጎድታ ወደቀች፤ ሩጫውንም ሳትጨርስ ከሜዳ በሰው እርዳታ ወጣች። ከ57 ዓመት በፊት አበበ ተንጋሎ እግሮቹን ባሽከረከረበት ቦታ፣ የጁባ ወዳጆች ያዩት ሥዕል ይህ ነበር።

እንዲህ ያለው ጉዳት የቆየ ጥያቄ ያስነሣል፤ ለመሆኑ ማፍታታት ከጉዳት ይጠብቃልን? መልስ ለመስጠት ከሞከሩት ጥናቶች አንዱ የተደረገው በሠራዊት ውስጥ ነው። በ2000 ይፋ በሆነው የአውስትራሊያ ጥናት 1,538 ምልምል ወታደሮች በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ከልምምድ በፊት የእግር ጡንቻቸውን እየሳቡ፣ ገሚሶቹ ሳይስቡ ለ12 ሳምንት ሠለጠኑ። በሁለቱ ወገን የታየው የእግር ጉዳት የጎላ ልዩነት አልነበረውም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ከሩጫ ወይም ከዝላይ አስቀድሞ አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቦ ማቆየት ጉልበቱን በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

በአንጻሩ ለእግር ኳስ ተጫዋቾች የተዘጋጀው «ፊፋ 11+» የተባለው የማሟሟቂያ ሥርዓት ቀላል ሩጫን፣ ጉልበትን፣ ሚዛን መጠበቅንና ዝላይን አጣምሮ በ20 ደቂቃ ያህል የሚፈጸም ነው። በኖርዌይ ወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 ሲወጣ፣ ሥርዓቱን በተከተሉት ዘንድ ጉዳት በሲሶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ሰውነትን ለውድድር የሚያዘጋጀው እንቅስቃሴ ነው፤ ጡንቻን ስቦ ማቆየት የሚስማማው ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ፣ በተለይም ሥራው ሲያበቃ ነው። አበበም ያፍታታው መስመሩን ካለፈ በኋላ ነበር።

ይህ ሁሉ ማፍታታትን ዋጋ አያሳጣውም። ዘወትር የሚሠራው ሰው መገጣጠሚያዎቹ በሰፊው ይንቀሳቀሳሉ፤ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሣት፣ ቁጢጥ ማለት፣ ዞሮ ወደ ኋላ ማየት ይቀለዋል። በጁባ ገበያ ከንጋት እስከ ማታ ቆሞ ለሚውል ነጋዴ፣ መሪ ጨብጦ ለሚውል ሾፌር፣ ከምድጃ ለማትለይ የምግብ ቤት ሠራተኛ ጉዳዩ የሜዳሊያ ሳይሆን የወገብና የጉልበት ነው። ሥርዓቱም ቀላል ነው። በቅድሚያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በእግር መጓዝ፤ ከዚያም ባትን፣ የጭንን የፊትና የኋላ ጡንቻ፣ ዳሌን፣ ደረትንና ትከሻን በየተራ ቀስ ብሎ መሳብ። አንዱን ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ሳይነጥሩ አቆይቶ፣ ትንፋሽን ሳይዙ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መድገም ይበቃል። መወጠር ሊሰማ ይገባል፤ ሕመም ከተሰማ ግን ማላላት ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን የተሠራ እንደሆነ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። የከተማዋ ሙቀት ስለሚበረታም ማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰዓት ይመረጣል።

ከስቶክሆልም ተነሥቶ፣ በጦር ሰፈር በኩል አልፎ፣ በቶኪዮ ሣር ላይ የታየው ሥርዓት መሣሪያ አይጠይቅም፤ ክፍያም የለውም። አበበ ሂትሊን ሲጠባበቅ የፈጀበት ያህል ጊዜ፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ለሚገባ ሰውም አይጠፋም።