ሩርና ሳንቃ፦ የገና ጨዋታ፣ የቤት ውስጥ ሆኪና የከተማ መሬት

ጠመንጃ ያዥ እንደ ሠራተኛ ሠፈር ሁሉ የጥንቱን የቤተ መንግሥት አገልግሎት በስሙ ይዞ የቀረ ሰፈር ነው። ዛሬ በልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት መንገድ ላይ ነው። ሁለት ድንጋይ ግብ ይሆናል፤ መኪና ሲመጣ ድንጋዩ ይነሣል፣ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄም የመነጨው ከዚሁ ድንጋይ ነው፦ ሰፊ ሜዳ የሚጠይቅ ጨዋታ ሜዳው ሲጠፋ ምን ይሆናል? አውሮፓውያን በሆኪ ረገድ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኙ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እኛ የራሳችን ሆኪ፣ ማለትም ገና፣ እያለን ጥያቄውን ገና በቅጡ አላነሣነውም።

የቤት ውስጥ ሆኪ የተወለደው ከብርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀርመን ክለቦች ክረምት ሲገባና ሜዳው በበረዶ ሲደርቅ በትራቸውን ይዘው ወደ ጂምናዝየም ገቡ። መጀመሪያ ላይ የበጋውን ውድድር መጠበቂያ ልምምድ ነበር፤ ኋላ ግን የራሱ ሕግና የራሱ ተመልካች ያለው ጨዋታ ወጣው። የመጀመሪያው የወንዶች የአውሮፓ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1974 በምዕራብ በርሊን ተካሄደ። የዓለም ዋንጫው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ላይፕዚግ ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የወንዶች ዋንጫዎች (2003፣ 2007፣ 2011) ጀርመን ወሰደች፤ ጨዋታውን የፈጠረው አገር መሪ መሆኑ አያስገርምም።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋንጫው ወደ ኔዘርላንድስ ሄደ። በ2018 በርሊን ላይ ኦስትሪያ ጀርመንን በገዛ ሜዳዋ አሸነፈች፤ በ2023 ደግሞ ፕሪቶሪያ ላይ በፍጻሜው ኔዘርላንድስን ረትታ ዋንጫውን በእጇ አስቀረች። ኦስትሪያ በሣር ሜዳ ሆኪ ከኃያላኑ ተርታ የምትቆጠር አገር አይደለችም። በ2018 ሦስተኛ የወጣችው ኢራንም እንዲሁ ናት። በእኔ ግምት የዚህ ጨዋታ ታሪክ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጣራ ሥር ሲገባ ሆኪ የድሮውን የኃይል አሰላለፍ አናግቷል። ሰፊ ሰው ሠራሽ ሜዳ፣ ውኃ የሚረጭበት ምንጣፍና ብዙ ተጫዋች የማይፈልግ በመሆኑ፣ አዳራሽና ትዕግሥት ያለው አገር ሊደርስበት ይችላል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት ናሚቢያ በዓለም ዋንጫው ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያ እስካሁን የለችበትም።

ጨዋታውን ላላየ ሰው ሕጉን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የቆመው በሕጉ ላይ ነውና። ከእያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከ36 እስከ 44 ሜትር ርዝመት፣ ከ18 እስከ 22 ሜትር ወርድ አለው። ግቡ 3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ጎል የሚቆጠረው ኳሱ ከግቡ ፊት በ9 ሜትር ርቀት ከተሠመረው ቀለበት ውስጥ ሲገፋ ወይም አቅጣጫው ሲቀየር ብቻ ነው። እጅግ ወሳኙ ሕግ ግን ኳሱን በበትር መምታት የተከለከለ መሆኑ ነው። ኳስ ይገፋል ወይም አቅጣጫው ይቀየራል እንጂ በትር ተወንጭፎ አይመታም፤ ወደ ግብ ካልሆነም ከመሬት አይነሣም። ኳሱ ጠንካራ፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ይህ ክልከላ በመጀመሪያ የጥርስና የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ውጤቱ ግን ጨዋታውን ከጡንቻ ወደ ማዕዘን ስሌት አዙሮታል።

ማዕዘኑን የሚፈጥሩት በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች የተጋደሙት ሳንቃዎች ናቸው። ቁመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኳስ የሚወጣበትን መስመር ዘግተው ተጫዋቹ ከሳንቃው ጋር ቅብብል እንዲጫወት ያደርጉታል። ተከላካይ የቆመበትን ቦታ ለማለፍ ኳሱን ወደ ሳንቃው መግፋትና ከወዲያ ማዶ መቀበል የዚህ ስፖርት ሀሁ ነው። ከቢሊያርድ ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች ብዙ አልተሳሳቱም።

አሁን ወደ ገና እንምጣ። ታኅሣሥ 29 ከሚከበረው የልደት በዓል ጋር ስሙን የሚጋራው ይህ ጨዋታ በበትርና በኳስ የሚካሄድ ነው። በትሩ ከተፈጥሮው ጫፉ ከቆለመመ እንጨት ይቆረጣል፤ ኳሱ ከእንጨት ሥር ወይም ከጠፍር የሚበጅ ሲሆን እንደየአገሩ ሩር ወይም ጥንግ ይባላል። ትውፊቱ ጨዋታውን የክርስቶስን ልደት ሲሰሙ በደስታ በትራቸውን ይዘው ከቦረቁት እረኞች ጋር ያያይዘዋል። የተጫዋች ቁጥር የተወሰነ አይደለም፤ የሜዳው ድንበርም እንዲሁ። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው ተከፍለው አንድ መንደር ከሌላው ሊገጥም ይችላል። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ አባባል ደግሞ ሜዳው ማኅበራዊ ደረጃንም ለአንድ ቀን እንደሚያነሣ ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። በየቢሮው ሰነድ «የባለድርሻ አካላት ሚና» እየተባለ የሚጻፈው ሚና ከገና ሜዳ የመጣ ቃል ነው፤ ተጫዋቹ የሚቆምበት ወገን ማለት ነበር። «ሚናህን ለይ!» ሲባል በተቃራኒ ወገን ገብተህ አትጫወት ማለት ነው። ጨዋታው ከከተማችን እየራቀ ሲሄድ ቃሉ ግን ስብሰባ አዳራሽ ገብቶ ተቀምጧል። ቃሉ ከጨዋታው ቀድሞ ጣራ ሥር ገባ ማለት ነው።

ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ትኩረቴን የሚስበው ወቅታቸው ነው። የአውሮፓ የአዳራሽ ሆኪ ወቅት በኅዳርና በየካቲት መካከል ነው፤ ገናም በዚያው መካከል ይውላል። በአንድ ወር ውስጥ ጀርመናዊው መሬቱ ስለደረቀበት ወደ ውስጥ ይገባል፤ የእኛ ገበሬ ግን ሰብሉ ተሰብስቦ ማሳው ስለተከፈተለት ወደ ውጭ ይወጣል። ገና የክፍት መሬት ጨዋታ ነው፤ ርቀቱም፣ የሩሩ ኃይለኛ ምትም፣ የተጫዋቹ ብዛትም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ አየሩን ብቻ ካየን ለአዲስ አበባ አዳራሽ ሆኪ አያስፈልጋትም።

የሚያስፈልጋት በሌላ ምክንያት ነው። ከተማዋ የቀራት ታላቅ ሜዳ ጃን ሜዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ሥራ ይበዛበታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ አትክልት ተራ ወደዚያው ተዛውሮ፣ ሜዳው እስከ 2013 ዓ.ም. ጥምቀት ዋዜማ ድረስ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ነበር። ልደታ ደግሞ የመሬት ታሪኩ የበለጠ ያስተምራል። ቦሌ ተከፍቶ ጄት አውሮፕላኖች እስኪመጡ ድረስ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው የልደታ ሜዳ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ አንድ ጊዜ አውሮፕላን የሚንደረደርበት ጠፍ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የድሮዎቹ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲተካ ሕዝቡ ወደ ላይ ተደራረበ፣ ልጆቹም ወደ መንገድ ወረዱ። በጀርመን በረዶው ያደረገውን እዚህ ግንባታው አድርጎታል።

መፍትሔው የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም። የእጅ ኳስ ሜዳ 40 በ20 ሜትር ነው፤ ግቡም 3 በ2። ሁለቱም ከቤት ውስጥ ሆኪ ጋር ይገጥማሉ። እጅ ኳስ ደግሞ ፌዴሬሽንና ሊግ ያለው፣ አገራችን የለመደችው ስፖርት ነው። እንግዲህ እጅ ኳስ የሚያጫውት አዳራሽ ሁሉ በመጠኑ የሆኪ አዳራሽ ነው፤ የጎደለው ሳንቃው ነው። የገና ጨዋታን በየዓመቱ በባህል ስፖርቶች ውድድር የሚያስተናግደው የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ተጫዋቹ ነው። ሩርን በቆልማማ በትር ሲያባርር ያደገ ወጣት የበትርና የኳስን ዝምድና ያውቃል። መማር ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ የሆኪ በትር በአንድ ፊቱ ብቻ የሚሠራ መሆኑንና ክንዱን መግታት። ሁለተኛው ከባዱ ነው፤ ገና የሚወደደው በምቱ ነውና። በዚህ ረገድ አንዳንድ የባህል ተመራማሪዎች ጨዋታው ጣራ ሥር ቢገባ ነፍሱ ይወጣል ብለው ቢሠጉ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የምለው ገናን በአዳራሽ ይተካ ሳይሆን፣ ገና የማይደርስበት ሰፈር ባዶ አይቅር ነው።

ሳንቃውን ማስላት ቀላል ነው። 40 ሜትር ርዝመት ላለው ሜዳ ሁለቱ ጎኖች 80 ሜትር ይሆናሉ። ባለ 4 ሜትር፣ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የተላገ እንጨት 20 ፍሬ ይበቃል፤ ፊቱ ወደ ሜዳው በ1 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘነብል ይደረጋል። ጨዋታው ሲያልቅ ተነሥቶ ግድግዳ ሥር ይደረደራል፣ እጅ ኳሱም ይቀጥላል።