የከታቢው እምነት፦ ከፈንጣጣ ዘመቻ እስከ ጌዴኦ ጤና ኬላ

በሌላው ዓለም የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው ባለሙያ በጌዴኦ ገጠር አልተለመደም። ገበሬው ልጁን ያስከትብ ወይም ይተው ዘንድ ምክር የሚጠይቀው ቀድሞ ድሬሰሩን፣ ኋላም የጤና ረዳቱን፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነው። የእነዚህ ሰዎች የግል እምነት በተከታቢው ምርጫ ላይ ምን ያህል እንደሚመዝን ያለፈው ታሪካችን ያሳያል።

የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሰው ከታቢዎቹን አልቀበልም አለ። ይህን ድንቁርና ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ስለነበረ የሚገድለው ጥቂቱን ነው፤ ሕዝቡም ከሕመምተኛ ቁስል መግል ወስዶ ጤነኛውን የሚከትብ የራሱ አዋቂ ነበረው። የሚያውቁትን ትቶ መርፌ ይዞ ለመጣ እንግዳ ክንድን መስጠት ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ስድስት የሕፃናት በሽታዎችን ለመከላከል የተጀመረው ፕሮግራም ደግሞ እናቲቱ ተመላልሳ እንድትመጣ የሚጠይቅ ነው። በጌዴኦ (ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች) ቤቱ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ተጠጋግቶ ስለሚሠራ፣ ከመርፌው በኋላ አንድ ሕፃን ትኩሳት ቢይዘው ወሬው ሳይመሽ ይዳረሳል። ስለ ትኩሳቱ አስቀድማ የነገረቻት ሠራተኛ እናቲቱን መልሳ ታገኛታለች፤ የገሠጸቻት ግን ታጣታለች። ኬላውን ቋንቋውን ለምታውቅ የአካባቢው ተወላጅ ማስረከብ ብልኅነት የነበረውም ስለዚህ ነው።

የኮቪድ ክትባት ግን ባለሙያውን ራሱን ፈተነው። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ሲጀመር ቅድሚያው ለጤና ሠራተኞች ተሰጠ። ዴንማርክ ከሁለት ቀን በፊት ያንኑ የአስትራዜኔካ ክትባት በደም መርጋት ሥጋት አቁማ ነበርና ወሬው በየእጅ ስልኩ ደረሰ። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ባለሙያዎች ማመንታታቸውን አሳይተዋል። ዲላ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት፤ ሆኖም በዲላም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚያመነታውና ገበሬው የሚጠይቀው ያው አንድ ሰው ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከጥርጣሬው ይልቅ ዝምታው ጎድቶናል። ሽማግሌው «አንቺስ ተከተብሽ?» ብለው ሲጠይቁ «ገና ነኝ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» የምትል ሠራተኛ ጨዋታውን ለሌላ ቀን ታሳድረዋለች፤ ዝም ካለቻቸው ግን መልሱን ከገበያ ይፈልጉታል።