ከላሜራ ፋብሪካ የፈለቀ ድምፅ

የአንድ ሕዝብ ሙዚቃ ከሚኖርበት አካባቢና ከሚሠራው ሥራ ተነጥሎ አይታይም። የእረኛው ዋሽንት የሜዳውን ጸጥታ፣ የአጫጁ ዘፈን የማጭዱን ምት ይዞ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የኢንዱስትሪ ከተማ ሙዚቃም የፋብሪካውን ጩኸትና የሠራተኛውን ድካም ተሸክሞ ይወጣል። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ከሚሆኑት አንዱ በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ፣ አስተን በተባለው የሠራተኞች ሰፈር የተመሠረተው ብላክ ሳባዝ የተሰኘው የሙዚቃ ቡድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርሚንግሃም በብረታ ብረት ሥራ የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአየር ክፉኛ ተደብድባለች። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ፣ ድምጻዊው ኦዚ ኦዝቦርን፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለርና ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ የተወለዱት በ1948 እና በ1949 ነው። ስለዚህም ያደጉት የጦርነቱ ጠባሳ ገና ባልሻረበት፣ ወጣቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ፋብሪካ በሚገባበት ሰፈር ነበር። ኦዝቦርን ትምህርቱን በ15 ዓመቱ አቋርጦ በቄራና በመኪና ጥሩምባ ፋብሪካ ሠርቷል።

የቡድኑን ድምፅ የወሰነው አደጋ የደረሰው በ1965 ነው። አዮሚ በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ወጣት ሲሆን በአንድ ላሜራ ፋብሪካ በብየዳ ሥራ ተቀጥሮ ነበር። በሥራው የመጨረሻ ቀን በሌላ ሠራተኛ ፈንታ በማያውቀው የላሜራ መጭመቂያ ላይ ተመደበ። መኪናውም የቀኝ እጁን የመካከለኛና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠ። አዮሚ ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚሁ በቀኝ እጁ ነበር።

ሐኪሞች ሙዚቃን እንዲተው መከሩት። ሆኖም የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አምጥቶ አሰማው። ራይንሃርት በ1928 በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት ሳለ ዝነኛ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ለመሆን የበቃ ሰው ነው። አዮሚ በዚህ ተጽናንቶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ በላዩም ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት የቆረጠውን ቁራጭ ለጠፈበት። ወፍራም ክር ጣቶቹን ስለሚያሳምማቸው ቀጫጭን ክሮችን መጠቀም ጀመረ።

አራቱ ወጣቶች በ1968 ተሰባሰቡ። መጠሪያቸውንም በ1963 ከወጣ የጣሊያን አስፈሪ ፊልም ወሰዱ። በ1969 በአንድ ቀን የቀረጹት የመጀመሪያ አልበማቸው በየካቲት 1970 ለገበያ ቀረበ። የቡድኑን ስም የያዘው የአልበሙ መክፈቻ ሦስት ሙሉ ድምፅ በሚራራቁና ጆሮን በሚያስጨንቁ ኖታዎች ላይ ተመሥርቶ በዝግታ ይጓዛል። ብዙ ሐያሲያን ሥራውን ቢያናንቁትም ወጣቱ አድማጭ ግን ተቀበለው። በዚያው ዓመት የወጣው ፓራኖይድ የተባለው ሁለተኛው አልበም በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የዚህ አልበም መክፈቻ ዎር ፒግስ፣ በቬየትናም ጦርነት ዘመን፣ ራሳቸው ሳይዘምቱ የድሀውን ልጅ ወደ እሳት የሚማግዱትን መሪዎች የሚያወግዝ ነው።

በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበም አዮሚ በአንዳንድ ዘፈኖች የጊታሩን ቅኝት በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው። ክሩ ሲላላ ለተጎዱት ጣቶች ቀለለ፤ ድምፁም ይበልጥ ጎረነነ። ሄቪ ሜታል፣ ማለት ከባድ ብረት፣ የተባለው የሙዚቃ ዘርፍ ከመሠረቶቹ አንዱን ያገኘው ከዚህ ነው። ሜታሊካን የመሰሉ በኋላ የተነሡ ዝነኛ ቡድኖች የብላክ ሳባዝን ውለታ በግልጽ መስክረዋል።

የቡድኑ ጉዞ ግን ቀና ብቻ አልነበረም። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ አባላቱን ጎዳ፤ ኦዝቦርንም በ1979 ተባረረ። በሮኒ ጄምስ ዲዮና በሌሎችም ድምጻውያን ሥራው ቀጠለ። ኦዝቦርን ተመልሶ በ2013 የወጣው አልበም በብሪታንያ አንደኛ ቢሆንም፣ ዋርድ በውል አለመግባባት ምክንያት አልተካፈለበትም። ቡድኑ በ2017 የመጨረሻ የጉዞ ትርኢቱን በበርሚንግሃም ፈጸመ። አራቱ መሥራቾች በአንድ መድረክ ለመጨረሻ ጊዜ የቆሙት ሐምሌ 5 ቀን 2025 እዚያው አስተን በሚገኘው የቪላ ፓርክ ስታዲየም ነው። በፓርኪንሰን ሕመም የተዳከመው ኦዝቦርን በዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀናት በኋላም በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ታሪክ አንድ የተሳሳተ ትምህርት እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያሻል። የአዮሚን ጣት የቆረጠው መኪና ለኪነ ጥበብ ያበረከተው ስጦታ የለም። ያለ በቂ ሥልጠና በማያውቀው መኪና ላይ የተመደበ ሠራተኛ አካሉን ማጣቱ ጉዳት እንጂ ጸጋ ሊባል አይችልም። በየፋብሪካው ጣታቸውን አጥተው ስማቸው ሳይሰማ የቀሩት እጅግ ብዙዎች ናቸው። አዲሱን ድምፅ የፈጠሩት የሰውየው ጽናት፣ የባልደረቦቹ ኅብረትና አንድ ሸክላ ይዞ የመጣው የፋብሪካ አለቃ ማበረታቻ ናቸው። ተስፋ የቆረጠን ወጣት በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ምሳሌ ማንቃት ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ፣ ለመምህሩም ለኪነ ጥበብ ባለሙያውም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።