ስለ ረጅም ሰንጠረዥ ወራጅ ንባብ ታሪክ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከዚህም ውስጥ 76,050ው የሶዶ ከተማ ነዋሪ ነበረ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ ሰጥተን ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን በኮማ እየለየን ብንጽፍ፣ የሚወጣው ሰንጠረዥ ለተማሪ ማሽን ከባድ ነው። በተለይ ሀስኬል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተለመደው ጽሑፍ የፊደላት ሰንሰለት ስለ ሆነ፣ በ64 ቢት ማሽን እያንዳንዱ ፊደል ቢያንስ 24 ባይት ሜሞሪ ይወስዳል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ በሙሉ ልጫን ብዬ ማሽኑ ደርቆ ቀረብኝ።

የኬላ ዘበኛ ግን በገበያ ቀን ገበያተኛውን ሁሉ በግቢው አያከማችም። አንዱን ጭነት ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያሳልፋል። ይህ አሳብ፣ ሥራን በፈንክሽን በሚገልጹ ቋንቋዎች ዘንድ የቈየ ነው። ፒተር ላንዲን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አባሎቻቸው በተፈለጉ ጊዜ ብቻ የሚወለዱትን ዝርዝሮች «ስትሪም» አላቸው። በ1976 ፍሪድማንና ዋይዝ፣ ለብቻቸውም ሄንደርሰንና ሞሪስ፣ እስኪጠየቅ ድረስ የማያሰላ ስሌት አቀረቡ። ስሙም «ሰነፍ» ስሌት ነው፤ በአገራችን ስድብ የሆነው እዚያ ሙገሳ ሆነ። ሀስኬል በ1990 ሲወጣ መሠረቱን በዚህ ላይ ጣለ።

ስንፍናው ግን ወጥመድ አለው። የዕድሜን አማካይ ስንፈልግ መጀመሪያ ድምሩን፣ ቀጥሎ ብዛቱን ከዚያው ዝርዝር ብንጠይቅ፣ ብዛቱ ገና ስላልተቈጠረ ያለፈው ረድፍ ሁሉ በሜሞሪ ውስጥ ተይዞ ይቈያል። ወራጁ ውኃ ኵሬ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ድምሩንና ብዛቱን በአንድ ማለፊያ አብሮ መያዝ ይገባል። በስንፍና የሚነበብ ፋይል መቼ እንደሚዘጋ ማወቅም ያስቸግራል፤ ኦሌግ ኪስልዮቭ በ2008 ያቀረበው «ኢተሬቲ» የተባለው ዘዴ ይህንኑ ለማስተካከል ነው። «ኮንዲዩት»ና «ፓይፕስ» በኋላ መጡ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ የሰንጠረዡ የራሱ ጠባይ ነው። መስመር ሁልጊዜ ረድፍ አይደለም። በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4180 የተባለ ሰነድ እንደሚገልጸው፣ በጥቅስ ምልክት የታጠረ ጽሑፍ ኮማም አዲስ መስመርም ሊይዝ ይችላል። በመስመር ብቻ የሚቈርጥ አንባቢ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቈጥራል። የእኛ ፊደል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለ ሆነ «ሶዶ» 6 ባይት ይሆናል። ማሽኑ ፋይሉን በቍራጭ በቍራጭ ሲያነብ፣ አንዱ ቍራጭ በ4ኛው ባይት ላይ ቢያበቃ «ሶ» ይተርፋል፣ «ዶ» ይሰነጠቃል። ጥሩ አንባቢ ያችን 1 ባይት ይዞ ቀጣዩን ቍራጭ ይጠብቃል፤ ካልጠበቀ የከተማይቱ ስም በመዝገቡ ላይ ጎድሎ ይገባል።